ያብረቀረቀው ጠመንጃ ለምን ረከሰ? «ኦሪጅናል ነው» የሚባል የድሮ የአደን ጠመንጃ እንዴት ይመረመራል

እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሳታዩ አልቀራችሁም። ዝገት የበላው አሮጌ ዕቃ ከሳጥን ይወጣል፣ ሰውየው ይፈታታዋል፣ ይፈገፍገዋል፣ ይወለውለዋል፣ መጨረሻ ላይ መስታወት የመሰለ ነገር ይዞ ብቅ ይላል። ቢላ ሲሆን ደስ ይላል። የቡና ወፍጮ ሲሆንም ደስ ይላል። ዕቃው ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት የድሮ ጠመንጃ ከሆነ ግን ሰውየው በዚያች አጭር ቪዲዮ ውስጥ ያጠፋውን ገንዘብ ቢያውቅ ኖሮ ባልለጠፋት ነበር።

ይህን ጽሑፍ እንድንሠራ ያደረገን አንድ የኢንቦክስ መልእክት ነው። የላከልን ሚኒሶታ የሚኖር ተከታታያችን ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አጋዘን አደን ይወጣል፤ እስካሁን የሚያድነው በተውሶ ጠመንጃ ነበር። አሁን አንድ ሰው «ዊንቸስተር ሞዴል 70፣ ከ64 በፊት የተሠራ፣ መቶ በመቶ ኦሪጅናል» ብሎ በ2,400 ዶላር ሊሸጥለት ነው። «አያቴ ሀገር ቤት ምንሽር ነበራቸው፣ ስለ ጠመንጃ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ይላል። ከመልእክቱ ጋር አራት ፎቶዎች አሉ። ጠመንጃው ያበራል።

ቀድመን እንናገር፦ እኛ ጠመንጃ አንሸጥም፣ አንገዛም፣ ሰብሳቢም አይደለንም። ያደረግነው ሰብሳቢዎች ምን ምን እንደሚያዩ ፈልገን ማንበብና ከልጁ ጋር አንድ በአንድ ማጣራት ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍነው።

ጠመንጃውን እናስተዋውቃችሁ። ሞዴል 70 ኮነቲከት ውስጥ በኒው ሄቨን ከተማ በ1936 መመረት የጀመረ የአደን ጠመንጃ ነው። ታዋቂው የአደን ጸሐፊ ጃክ ኦኮነር .270 የሚባለውን ጥይት የሚተኩሰውን ሞዴል 70 ሲያወድስ ነው የኖረው። በቬትናም ጦርነት ስሙ የገነነው የአሜሪካ ማሪን አልሞ ተኳሽ ካርሎስ ሃትኮክም በዚሁ ሞዴል ተጠቅሟል። በ1964 ግን ፋብሪካው የማምረቻ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ዲዛይኑን ቀየረው። የጥይቱን ቂጥ ቆንጥጦ የሚይዘው ረጅም የብረት ጥፍር ቀረ። እንጨቱ ላይ በመቁረጫ ይቀረጽ የነበረው ፍርግርግ በማሽን ተጭኖ የሚወጣ ሆነ። አዳኙ ተናደደ፤ ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ «ከ64 በፊት» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ዋጋ ትጨምራለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከ1964 በፊት የተሠሩት ሞዴል 70ዎች ከ580 ሺህ በላይ ናቸው። ይህ ብርቅ የሚባል ቁጥር አይደለም። ብርቅ የሆነው ማንም ያልነካካው ነው። እነዚህ ጠመንጃዎች ሲገዙ መሥሪያ ዕቃ ነበሩ እንጂ ሙዚየም ሊገቡ አልነበረም። ባለቤቱ እጁ አጭር ከሆነ እንጨቱን ከኋላ በመጋዝ ይቆርጠዋል። ትከሻውን ከመታው ጎማ ይለጥፍበታል። ዝናብ ካዛገው ይፈገፍገዋል። በጊዜው ጥፋት አልነበረም፣ ዕቃው የራሱ ነው። ዛሬ ግን እያንዳንዷ ጣልቃ ገብነት ከዋጋው ላይ ትቀነሳለች።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ይዞታው ነው፦ ምን ያህል ተጎድቷል? ሁለተኛው ኦሪጅናልነቱ ነው፦ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ወይስ ተነካክቷል? አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሲገዛ የቆመ ሰው ይህ ቋንቋ አይጠፋውም። «ቀለሟ የራሷ ነው?» «ሞተሯ ተነክቷል?» ይባል የለ? አዲስ ቀለም የተቀባች መኪና ታምራለች፤ ግን ገዢው ወዲያው «ምን ሸፍናችሁ ነው?» ይላል። የጠመንጃ ሰብሳቢም እንደዚያው ነው። ፋብሪካ የቀባው ሽፋን ጫፍ ጫፉ ላይ ቢሳሳም፣ ትናንሽ ጭረቶች ቢኖሩትም፣ እንደ አዲስ ከተቀባው ይበልጥበታል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የመጀመሪያው ማጣሪያ ቀላል ነው። የመለያ ቁጥሩ ከ700,000 በታች ከሆነ ጠመንጃው ከ1964 በፊት የተሠራ ነው፤ አዲሱ ዲዛይን ከ700,000 ነው የጀመረው። ቁጥሩ ተቀርጾ የሚገኘው ጥይቱ የሚገባበት ዋናው የብረት ገላ ላይ ነው፤ ፈረንጆቹ ሪሲቨር ይሉታል። በዚህ ፈተና የተከታታያችን ጠመንጃ አልፏል። ሻጩ እስከዚህ ድረስ እውነቱን ነው።

ቀጣዩ ግን ሻጮች ብዙ የማይወዱት ነው። የሞዴል 70 አፈሙዝ ከሥሩ፣ በእንጨቱ ተሸፍኖ በሚቆየው በኩል፣ ሪሲቨሩ አጠገብ ሁለት አሃዝ ተመትቶበታል። «50» ካለ አፈሙዙ የ1950 ነው፣ «57» ካለ የ1957። ይህን ለማየት ብሎኖቹን ፈትቶ እንጨቱን ማውጣት ያስፈልጋል። የአፈሙዙ ዓመት የመለያ ቁጥሩ ከሚያመለክተው ዓመት ጋር መግጠም ወይም ትንሽ ቀደም ማለት አለበት፤ አፈሙዞች ተሠርተው መደርደሪያ ላይ ይቆዩ ስለነበር። አፈሙዙ በብዙ ዓመት የሚያንስ፣ ማለትም ከጊዜ በኋላ የመጣ ከሆነ ግን ተቀይሯል ማለት ነው። ምናልባት የቀየረው ራሱ ፋብሪካው ሊሆን ይችላል፣ ሥራውም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ለአደን ምንም አይልም። «መቶ በመቶ ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ግን እዚያው ያበቃል።

ሌላም አለ። በእጅ ወደፊትና ወደኋላ የሚገፋው፣ ጥይቱን የሚያቀባብለው ብረት፣ ቦልት የሚባለው፣ ከሆዱ በኩል የጠመንጃው መለያ ቁጥር በኤሌክትሪክ ብዕር ተጽፎበታል። የእጅ ጽሕፈት ይመስላል፣ እንደ ማኅተም ጥርት ያለ አይደለም። ይህ ቁጥር ሪሲቨሩ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ቦልቱ የሌላ ጠመንጃ ነው። ይሄ ደግሞ የዋጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቦልትና አፈሙዝ በትክክል ካልተገጣጠሙ ጥይቱ ሲተኮስ ቀለሁ ሊቀደድና የጋለ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ቁጥሩ የማይገጥም ጠመንጃ በጠመንጃ ጠጋኝ በመለኪያ ሳይፈተሽ አይተኮስም። በቃ።

ያ ማብረቅረቅ

አሁን ወደ ፎቶዎቹ እንመለስ። የጠመንጃ ብረት ጥቁር ሰማያዊ የሆነው ተቀብቶ አይደለም። ብረቱ በኬሚካል ታክሞ የራሱ ገጽታ ነው የሚለወጠው፤ ብሉዊንግ ይባላል። በጣም ስስ ነው። ስለዚህ አዳኙ ጠመንጃውን ሲሸከም እጁ የሚያርፍበት ቦታ፣ የአፈሙዙ ጫፍና ሹል ማዕዘኖቹ ላይ ቀስ በቀስ እየሳሳ ወደ ግራጫ ይሄዳል። ይህ መሳሳት ሐቀኛ ነው። ሰብሳቢው ሲያየው «ሰው ይዞት ኖሯል» ይላል እንጂ አይከፋውም።

እንደገና ብሉዊንግ ለማድረግ ግን መጀመሪያ አሮጌውን ሽፋንና ዝገቱን መፈግፈግ ግድ ነው። ሲፈገፈግ የሚሄደው ዝገቱ ብቻ አይደለም፣ ብረቱም አብሮ ይሄዳል። ምልክቱ እዚህ ላይ ነው የሚገኘው። ስልካችሁን አውጡና ፎቶውን አጉሉት። ፊደሎቹን ተመልከቱ። ፋብሪካ የመታው ፊደል ጠርዙ ሹል ነው፤ የተፈገፈገ ፊደል ግን ሳሙና ላይ እንደተጻፈ ጠርዙ ይሟሟል፣ አንዳንዱ መስመር ከሌላው ይቀጥናል። የብሎን ቀዳዳዎችን ተመልከቱ። የመወልወያው ጨርቅ ቀዳዳው አፍ ላይ ሲዞር ዙሪያውን ያጎደጉደዋል፣ ትንሽ ሰሃን ይመስላል። ማዕዘኖቹን ተመልከቱ፤ ሹል መሆን የነበረበት ክብ ሆኖ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ጠመንጃውን ወደ መስኮት አዙሩና የብርሃኑን ነጸብራቅ ተከተሉ። ቀጥ ብሎ መሄድ ያለበት መስመር እንደ ውሃ ከተወዛወዘ ገጹ በእጅ ተወልውሏል።

አንድ ሌላ የሚያጋልጥ ነገር አለ። ብረቱ ላይ የዝገት ጉድጓዶች ካሉ፣ የጉድጓዱም ውስጥ እንደ ቀሪው ብረት ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ፣ ቀለሙ የመጣው ከዝገቱ በኋላ ነው። የፋብሪካ ሽፋን ቢሆን ኖሮ ዝገቱ ሽፋኑን በልቶት ነበር። ፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ ሰው የሚያልፈው ይህንን ነው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው። ሰውየው ጠመንጃውን ያሳመረው ዋጋው እንዲጨምር ነበር።

እንጨቱም ተመሳሳይ ታሪክ ይናገራል። በዋልነት የተሠራው የድሮው እንጨት ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ከብረቱ እጅግ ትንሽ ከፍ ይላል፤ በጣት ስትዳስሱት ይታወቃል። በሻካራ ወረቀት የተፈገፈገ እንጨት ግን ከብረቱ ዝቅ ይላል፣ ልክ እንደተጠጠች ከረሜላ። መያዣው ላይ ያለው የፍርግርግ ጫፍ ሹል ነው ወይስ ደንዝዟል? ቫርኒሽ ፍርግርጉ ውስጥ ገብቶ ሞልቶታል? የኋላው ሰደፍ ላይስ የፋብሪካው ብረት ነው ያለው ወይስ ቀይ ጎማ? በተለምዶ ከምላጩ እስከ ሰደፉ መጨረሻ 13 ኢንች ተኩል አካባቢ ነው። በጣም ካጠረ ተቆርጧል፣ የተቆረጠ እንጨት ደግሞ አይበቅልም።

ቀዳዳዎቹ

ከሁሉም የሚያሳዝነው የቀዳዳዎቹ ነገር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ስኮፕ፣ ማለትም የማነጣጠሪያ መነጽር፣ እንደ ዛሬው የተለመደ አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሞዴል 70ዎች ሪሲቨራቸው ከኋላ በኩል፣ ከላይ፣ ለስኮፕ ማሰሪያ የሚሆን ቀዳዳ አልነበራቸውም። ከጦርነቱ በኋላ ስኮፕ ሲስፋፋ ባለቤቶቹ በየመንደሩ ወዳለው ጠጋኝ ወስደው አስበሱት። ፋብሪካውም ትንሽ ቆይቶ ራሱ እየበሳ ማውጣት ጀመረ። ውጤቱ ምን ሆነ? የጦርነት በፊቱ ጠመንጃ ሳይበሳ ከተገኘ ሰብሳቢው ይሻማበታል። ያው ጠመንጃ በሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ወደ ተራ የአደን መሣሪያ ይወርዳል። ቀዳዳውን በብሎን መድፈን ይቻላል፣ በሙያ ደፍኖ እንደገና መቀባትም ይቻላል፤ ግን ያኔ እንደገና ወደ መፈግፈጉ ተመለስን።

ቀዳዳ ሁሉ ጥፋት ነው ማለት ግን አይደለም። በግራ ጎን ከኋላ ያሉት ለማነጣጠሪያ መግጠሚያ ፋብሪካው የበሳቸው ናቸው። ስለዚህ «ቀዳዳ አለው» ብሎ ከመጮህ በፊት የጠመንጃውን ዓመትና የቀዳዳውን ቦታ ማገናኘት ያስፈልጋል።

ሆን ተብሎ የሚሠራ ማጭበርበርም አለ። ዊንቸስተር «ሱፐር ግሬድ» የሚባል የተሻለ ደረጃ ነበረው፤ ከሆዱ በኩል ያለው የብረት ክዳን ላይ ስሙ ተጽፎበታል። ያ ክዳን ግን በብሎን የሚፈታ ነው። ተራውን ጠመንጃ ወስዶ ክዳኑን ብቻ ቀይሮ በውድ መሸጥ ለሚፈልግ ሰው ከባድ ሥራ አይደለም። ክዳኑ ሱፐር ግሬድ እያለ እንጨቱ የተራው ከሆነ ጠርጥሩ። የሱፐር ግሬድ እንጨት ጫፉ ላይ ጥቁር ቁራጭ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ የጉንጭ ማሳረፊያ አለው።

ይዞታና ደህንነት

አሜሪካኖቹ ይዞታን የሚገልጹት ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበራቸው ኤንአርኤ ባወጣቸው ደረጃዎች ነው፦ እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ደህና እያለ ይወርዳል። ቃላቱ ያታልላሉ። እዚያ «ጥሩ» ማለት በሰላም ይተኩሳል፣ የተሰበረ ነገር የለውም ማለት እንጂ ያምራል ማለት አይደለም። ሻጭ «ጥሩ ይዞታ ላይ ነው» ሲላችሁ በየትኛው መለኪያ ብላችሁ ጠይቁ።

የአፈሙዙ ውስጥ ከውጪው ይበልጣል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጣችሁ፣ ቦልቱን አውጥታችሁ፣ ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን ተመልከቱ። ጠምዛዛዎቹ መስመሮች ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። በተለይ .30-06 የሚተኩስ ከሆነ ጠንቀቅ በሉ። ይህ የአሜሪካ ጦር ጥይት ስለነበር ብዙ አዳኝ ርካሽ የጦር ሠራዊት ትርፍ ጥይት ይተኩስበት ነበር፤ የዚያ ዘመኑ ጥይት አቀጣጣይ ደግሞ ጨው መሰል ቅሪት ትቶ ብረት ይበላል። በዕለቱ ያልታጠበ አፈሙዝ ውስጡ ተቦርቡሮ ይቀራል።

አደገኛው ደግሞ ጽሑፉና ውስጡ የማይገናኙበት ነው። ለምሳሌ ብዙ .300 ኤች ኤንድ ኤች የተጻፈባቸው ሞዴል 70ዎች የጥይት መቀመጫቸው ሰፍቶ ይበልጥ ኃይለኛ ለሆነው .300 ዌዘርቢ ተስተካክለዋል። አንዳንዱ ላይ የተጻፈው አሮጌው ስም ብቻ ነው። አፈሙዙ ላይ ያለውን አምኖ ጥይት የሚገዛ ሰው ችግር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጠጋኝ የመቀመጫውን ቅርጽ በቀለጠ ልዩ ብረት ቀድቶ ማረጋገጥ ይችላል።

እንግዲህ ከስልክ ላይ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን እንዲህ በሉት፦ ፍላሽ አጥፍቶ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ያንሳ። መለያ ቁጥሩን፣ የቦልቱን ሆድ፣ የአፈሙዙን ጽሑፍ በቅርበት፣ ሪሲቨሩን ከላይ፣ የብሎኖቹን ራስ፣ የሰደፉን መጨረሻ፣ እንጨቱ ወጥቶ የአፈሙዙን ሥር። የብሎን ራስ የምንለው በምክንያት ነው፤ ካቻቪቴ ያፈነደሰው ብሎን ከኋላው ሌላ ታሪክ አለ። «እንጨቱን አላወጣም» የሚል ሻጭ ሌባ ነው አንልም። ዋጋው ግን የማይታየውን ነገር መክፈል የለበትም።

ሕጉንም አትርሱ። አሜሪካ ውስጥ ሻጩ በሌላ ስቴት የሚኖር ከሆነ ዝውውሩ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል፣ ከጀርባ ታሪክ ማጣሪያ ጋር መሆን አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መግዛት አይከለከልም። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ጠባብ ከሆኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይፈቀድለትም። «ለአባቴ እልክለታለሁ» የሚባል ነገርም አይሞከር። ሀገር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም፣ መሸጥም፣ ማስገባትም ወንጀል ነው። «አሮጌ ጠመንጃ በውድ እንገዛለን» የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ፣ የአያታችሁን ምንሽር ፎቶ አንስታችሁ ከመላካችሁ በፊት ይህን አስቡ። ፈቃድ ያለው የቤተሰብ ጠመንጃ ካላችሁ ደግሞ አትፈግፍጉት። ዘይት የነካ ጨርቅ ይበቃዋል።

ተከታታያችን ሰባቱን ፎቶዎች ጠየቀ። ሻጩ አምስቱን ወዲያው ላከ፤ የቦልቱ ቁጥር ገጠመ። እንጨቱን ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጀበት፣ በመጨረሻ ግን አወጣው። አፈሙዙ ሥር ያለው አሃዝ ከመለያ ቁጥሩ ዓመት 8 ዓመት ዘግይቶ ነበር። የብሎን ቀዳዳዎቹ አፍም ተጎድጉዷል። ሻጩ ጠመንጃውን የወረሰው ከአባቱ ነው፤ እንደተቀየረ ራሱም አያውቅም ነበር፣ ደነገጠ። ልጁ «የሰብሳቢ ዋጋ አልከፍልም፣ እንደ አደን ጠመንጃ ከሆነ ግን እፈልገዋለሁ» አለው። በ950 ዶላር ተስማሙ፣ ቅድሚያ ጠጋኝ ይፈትሸዋል በሚል ቅድመ ሁኔታ። የጠጋኙ ቀጠሮ የፊታችን ሐሙስ ነው።